ስንት ቀረው?

አጎቴ በያጅ ነው። አሁን እድሜው ገፍቶ አቁሟል እንጂ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የበግ ገንዳ፣ ብቻ ከብረት የሚወጣ ነገር ሁሉ ሲሰራ ነው የኖረው። እኔ 10ኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ስለቀቅ ቀጥታ እዛ ነበር የምሄደው፣ አንድም አጎቴን ስለምወደው፣ አንድም ደጃፉ ላይ የከሰል ማንደጃ ስለማትጠፋ ነው፣ የደብረ ብርሃንን የታህሳስ ውርጭ ያየ ሰው ይረዳኛል፣ ጠዋት ሜዳው ነጭ ለብሶ ነው የሚያድረው፣ ከሰአትም ፀሀዩ አለ እንጂ ነፋሱ አያስቀምጥም።

አንድ ቀን ከአንጎለላ በኩል አንድ ገበሬ አንዲት ላሜራ በጋሪ አስጭኖ መጣ። «ለበጎቼ ማጠጫ ገንዳ ስራልኝ፣ አንድ በርሜል ውሃ ሙሉውን የሚይዝ፣ ግን ከዚችው ካንዷ ላሜራ ይውጣልኝ፣ ሌላ የምገዛበት የለኝም» አለው። ላሜራዋ እንደተለመደው 2 ሜትር በ1 ሜትር ናት። በርሜል ደግሞ 200 ሊትር ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ አራቱን ማዕዘን እኩል እኩል ካሬ ቆርጠህ ታወጣለህ፣ የቀሩትን አራት ጎኖች ወደ ላይ ታጥፋለህ፣ ማዕዘኖቹን ትበይዳለህ፣ በቃ ገንዳ ሆነ። ጥያቄው ካሬው ስንት ሳንቲም ይሁን ነው። ትንሽ ከቆረጥክ ገንዳው ሰፊ ግን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ብዙ ከቆረጥክ ጥልቅ ግን ጠባብ ይሆናል።

ጋሼ (አጎቴን ጋሼ ነው የምለው) ወደኔ ዞር አለና «እስቲ አንቺ ተማሪዋ፣ ስንት ሳንቲም ላይ ልቁረጠው? ልክ 200 ሊትር እንዲመጣ» አለኝ።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ ፖሊኖሚያል ፈንክሽን ላይ ነበርንና ራሽናል ሩት ቴስት፣ ሎኬሽን ቲዎረም ምናምን እየተማርን ነው (ሩት ማለት ኢኩዌሽኑን ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር ነው)፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማርኩት ነገር ከደብተር ወጥቶ እጄ ላይ ሊገባ ነው ብዬ አሰብኩ። ደብተሬን አወጣሁ። የሚቆረጠውን ኤክስ ማለት ትቼ እዚህ ላይ «ቀ» እላታለሁ፣ ቁራጭ ስለሆነች። በሳንቲም ሳይሆን በዴሲሜትር ሰራሁት፣ አንድ ኪዩቢክ ዴሲሜትር ልክ አንድ ሊትር ስለሆነ ነገሩን ያቀለዋል። ላሜራው 20 በ10 ሆነ። ከሁለቱም ወገን ቀ ቀ ሲቀነስ ቁመቱ 20 − 2ቀ፣ ወርዱ 10 − 2ቀ፣ ጥልቀቱ ቀ። እነዚህን ሶስቱን አባዝቼ 200 ጋር እኩል አደረግኩና በ4 ሳካፍለው ይሄ መጣ፦

ቀ³ − 15ቀ² + 50ቀ − 50 = 0

ቀጥሎ ራሽናል ሩት ቴስት፣ ሙሉ ቁጥር የሆነ ሩት ካለ የመጨረሻው ቁጥር አካፋይ መሆን አለበት። የ50 አካፋዮች 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 25፣ 50 ናቸው፣ ኔጌቲቮቹ አይሰሩም ምክንያቱም ቀ ኔጌቲቭ ከሆነ ሁሉም ተርም ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ድምሩ በጭራሽ ዜሮ አይመጣም። 1ን ሳስገባ −14፣ 2ን ሳስገባ −2፣ 5ን −50፣ 10ንም −50። 25 ላይ ትልቅ ፖዘቲቭ። ስለዚ ሙሉ ቁጥር የሆነ ሩት የለውም፣ ግን 10 እና 25 መሀል ሳይኑ (ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ምልክቱ) ስለሚቀየር እዛ መሀል አንድ ቦታ ዜሮን ያቋርጣል። 11ን ሞከርኩ፣ 16። ወደታች 10.8፣ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ። አገኘሁት አልኩ! «ጋሼ 10.8 ዴሲ፣ ማለት 108 ሳንቲም» አልኩት።

ማንደጃዋ ላይ እጁን እያሞቀ ትንሽ ዝም አለና «አንቺ ልጅ፣ ላሜራው ራሱ ወርዱ 1 ሜትር ነው፣ 108 ሳንቲም ካሬ ከየቱ ጋ ልቁረጥልሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ኢኩዌሽኑ ግን አልዋሸም። 10.8ን መልሳችሁ ብታስገቡ ቁመቱ ኔጌቲቭ 1.6፣ ወርዱ ኔጌቲቭ 11.6 ይሆናል፣ ሁለቱ ኔጌቲቮች ሲባዙ ፖዘቲቭ ይሆኑና በ10.8 ሲባዙ 200 ይመጣል። ሒሳቡ ስለ ላሜራ የሚያውቀው ነገር የለም። ሪል ሩት ማለት እንግዲህ የቁጥር መስመር ላይ የተቀመጠ ቁጥር ማለት እንጂ ብረት ቤት ውስጥ የሚሆን ማለት አይደለም፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም።

ከ0 እስከ 5 ያለውን (ወርዱ 10 ስለሆነ ከ5 በላይ መቁረጥ አይቻልም) ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ሁሌ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚ ክፍል ውስጥ እንደለመድነው «ጋሼ መፍትሄ የለውም» አልኩት።

«እሺ የለውም። ስንት ቀረው?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። መፍትሄ የለውም ማለት የለውም ነው እኮ፣ ቦርድ ላይ እንደዛ ተጽፎ ይሰመርበታል፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። እሱ ግን መልስ አልጠበቀም፣ 20 ሳንቲም ለካና በኖራ አሰመረ፣ ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በየደው። 2 ዴሲሜትር ማለት ነው፣ 2 ሲባዛ 16 ሲባዛ 6፣ 192 ሊትር። 8 ሊትር ቀረው። ግማሽ ጀሪካን እንኳን አይሞላም። ገበሬው አንድም ቅር ሳይለው ገንዳውን በጋሪው ጭኖ ሄደ። ማታ ደብተሬን ስገልጥ ያ −2 እዛው ተቀምጦ አየሁት፣ በ4 ስታባዙት −8 ነው። መልሱ በእጄ ጽሁፍ ደብተሬ ላይ ነበረ፣ ዜሮ ስላልሆነ ብቻ ሰርዤው አልፌያለሁ።

ይሄ ጽሁፍ ስለዛች «ስንት ቀረው» ነው።

11ኛ ክፍል ኮምፕሌክስ ነምበር መጣ። ስኩዌሩ −1 የሆነ ቁጥር አለ ተባልን፣ ስሙ «አይ» ነው። በአማርኛ አይ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኛም ክፍሉ ውስጥ ስቀን ነበር፣ ግን እኔ ውስጤ ላይ የሆነ ነገር ቀርቷል፣ እምቢ የሚለው ቦታ ላይ ቁጥር ተሰጠው ማለት ነው ብዬ። ከዛ እንዴት እንደሚደመር፣ እንዴት እንደሚባዛ፣ ኮንጁጌት ምናምን ተምረን ፈተና ተፈተንን አለቀ። ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንቼ፣ አንድ እረፍት ላይ ቤት መጥቼ፣ የድሮ ደብተሮቼን እያየሁ ያንን የገንዳ ኢኩዌሽን ድጋሚ ሳገኘው ነው።

አሁን ማድረግ ያለብኝን አውቅ ነበር። አንዱ ሩት 10.8 አካባቢ ከሆነ በሱ አካፍለው አውጣው፣ የሚቀረው ኳድራቲክ ነው፣ ትልቁ ፓወሩ ቀ² የሆነ። ሳካፍለው (ትክክለኛው 10.7985 ገደማ ነው) ይሄ ቀረ፦

ቀ² − 4.20ቀ + 4.63 = 0

ዲስክሪሚናንቱ (ኳድራቲክ ፎርሙላው ውስጥ ስኩዌር ሩቱ ስር የሚገባው ቁጥር) 4.20 ስኩዌር ሲቀነስ 4 ጊዜ 4.63፣ −0.88 ገደማ። ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚ ሁለቱ የቀሩት ሩቶች 2.10 + 0.47አይ እና 2.10 − 0.47አይ ናቸው።

እዚህ ጋ ነው ቁጭ ብዬ የቀረሁት። 2.10 ምንድነው? ጋሼ የቆረጠው 2 ነው! ካልኩለስ ሰርቼ ከዛች ላሜራ የሚወጣው ትልቁ ገንዳ ስንት ላይ እንደሚቆረጥ ፈለግኩ፣ 2.11፣ ይዘቱም 192.45 ሊትር። ማለትም መፍትሄ የለውም ብዬ የጣልኩት ኢኩዌሽን ሁለቱ ኮምፕሌክስ ሩቶቹ ላይ «200 አይሆንም፣ ግን ልሞክር ካልክ እዚህ ቦታ አካባቢ ቁረጥ» እያለኝ ነበር። ኢማጂነሪው 0.47 ደግሞ የጎደለውን የሚለካ ነው። 400 ሊትር ብንጠይቀው ብዬ ሰራሁት፣ 1.81 ሲደመር ሲቀነስ 2.35አይ መጣ። 200 ስንጠይቅ 0.47 የነበረው 400 ስንጠይቅ 2.35 ሆነ። ትንሽ የቀረው ትንሽ ኢማጂነሪ አለው፣ ብዙ የቀረው ብዙ። በእርግጥ 400 ላይ ሲደርስ 1.81ዱ ከ2.11 ራቅ ብሏል፣ ጥቆማው ጥሩ የሚሆነው ጉድለቱ ትንሽ ሲሆን ነው።

ይሄን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው ምክንያቱም ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ገበሬው በርሜሉን ትቶ 144 ሊትር ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ኢኩዌሽኑ ቀ³ − 15ቀ² + 50ቀ − 36 = 0 ይሆናል፣ 1 ይሰራል (10 ሳንቲም ቆርጠህ 1 ጊዜ 18 ጊዜ 8)፣ 3.39ም ይሰራል፣ ሶስተኛው 10.6 ነው፣ እሱን ተዉት። ሁለት የሚሆኑ መልሶች አሉ፣ አንዱ ጠፍጣፋ ገንዳ አንዱ ጥልቅ። አሁን የሚፈለገውን ሊትር ቀስ በቀስ ጨምሩት፣ 150፣ 170፣ 190። ሁለቱ መልሶች ከወዲህና ከወዲያ እየተጠጋጉ ይመጣሉ፣ 192.45 ላይ 2.11 ጋ ይገናኛሉ፣ አንድ ይሆናሉ። ከዛ አንዲት ጠብታ ስትጨምሩ ምን ይሆናሉ? ድሮ ብትጠይቁኝ ይጠፋሉ እል ነበር። አይጠፉም። ከተገናኙበት ቦታ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከመስመሩ ይወጣሉ፣ ልክ ከሁለት ወገን የመጡ ሁለት እረኞች መንገድ ላይ ተገናኝተው አንዱ ሽቅብ ወደ ደጋው አንዱ ቁልቁል ወደ ቆላው እንደሚለያዩ፣ እኩል ርቀት፣ ሁሌም አንዱ የሌላው መስታወት። ኮንጁጌት የሚባለው ይሄ ነው። የፖሊኖሚያሉ ኮኤፊሸንቶች (ከቀዎቹ ፊት ያሉት ቁጥሮች) ሪል እስከሆኑ ድረስ ኮምፕሌክስ ሩት ብቻውን አይመጣም፣ መንታ ነው። ለዛም ነው ዲግሪው (ትልቁ ፓወሩ) ጎዶሎ የሆነ፣ እንደኛ ባለ 3፣ ቢያንስ አንድ ሪል ሩት የማያጣው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1799 (አመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የዶክትሬት ጽሁፉ ላይ ያነሳው ቁም ነገር ይሄው ነው፣ ዲግሪው ስንት ከሆነ ሩቱም ያን ያህል ነው፣ የተደጋገመውን ከቆጠርን አንድም አይጎድልም አንድም አይተርፍም። 

ከመስመር መውጣት ስል የቁጥር መስመሩን መሬት ላይ እንደተሰመረ መስመር አስቡት፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ደግሞ ሜዳው በሙሉ ናቸው። በአይ ማባዛት ማለት 90 ዲግሪ መዞር ነው። ሁለቴ ስትዞር ፊትህን ወደኋላ አዙረሃል፣ −1 ማለት ነው፣ የአይ ስኩዌር ሚስጥር ሌላ አይደለም። ቬሰል የሚባል ኖርዌይ የተወለደ የመሬት ቀያሽ በ1797 ይሄን አቅርቦ ብዙም የሰማው አልነበረም፣ አርጋንድ የሚባል ሌላ ሰውም በ1806 ለብቻው ደረሰበት። ቀያሽ መሆኑ እኔን አይገርመኝም፣ ሜዳ ላይ ገመድ ይዞ የሚውል ሰው ነው ቁጥር አቅጣጫ ሊኖረው እንደሚችል የሚታየው።

አሁን ወደኋላ ልመልሳችሁ፣ ወደ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሰው ወደ ካርዳኖ። በ1545 ባሳተመው መጽሀፉ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፣ 10ን ለሁለት ክፈል፣ ሁለቱ ሲባዙ 40 ይምጡ። 5 እና 5 ሲባዙ 25 ነው፣ ከዛ በላይ አይሄድም፣ እሱም አይቻልም ይላል፣ ግን እዛ ላይ አልቆመም፣ ሰርቶ 5 ሲደመር ስኩዌር ሩት −15 እና 5 ሲቀነስ ስኩዌር ሩት −15 አወጣ፣ ቢባዙ እውነትም 40 ናቸው። ይሄን ምሳሌ ብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ፣ ሁሌ «ኢማጂነሪ የተጀመረበት» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከገንዳው በኋላ ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። 5 የቱ ነው? ትልቁ የሚገኝበት ቦታ። 15 የቱ ነው? 40 ሲቀነስ 25! ስንት ቀረው? 15 ቀረው። ሩቱ ስር ቁጭ ብሎ የሚታየው ጉድለቱ ራሱ ነው። ደብረ ብርሃን ማንደጃ ዳር የተጠየቅኩት ጥያቄ ካርዳኖ መጽሀፍ ውስጥ ከነመልሱ ተቀምጦ ነበር።

እና ጉድለቱን መለካት ብቻ አይደለም። ካርዳኖ መጽሀፉ ላይ ያስቀመጠው የኩብ (ባለ 3 ዲግሪ ኢኩዌሽን) ፎርሙላ (መጀመሪያ ያገኙት ዴል ፌሮ እና ታርታሊያ ናቸው) አንዳንዴ መልሱ ሪል ሆኖ እያለ መሀል ላይ የኔጌቲቭ ስኩዌር ሩት ያመጣል። ቀ³ = 15ቀ + 4ን ውሰዱ። 4 ይሰራል፣ 64 = 60 + 4። ፎርሙላው ግን ስኩዌር ሩት −121 ላይ፣ ማለት 11አይ ላይ ይጥላችኋል፣ የ2 + 11አይን እና የመንታዋን የ2 − 11አይን ኩብ ሩት አውጥታችሁ ደምሩ ይላል። ሌላው ጣሊያናዊ ቦምቤሊ በ1572 አልሸሸም፣ ገባበት፣ 2 + አይ ኩብ ሲደረግ ልክ 2 + 11አይ እንደሚሆን አሳየ፣ የመንታዋ ኩብ ሩት ደግሞ 2 − አይ ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ አይዋ ተጣፍታ 4። እኔ ይሄን ሳስብ ጣርማ በር ነው የሚመጣብኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ በብርዱና በጉሙ ትወጣላችሁ፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ጨለማ ነው፣ በዛኛው በኩል ስትወጡ አገሩ ከስራችሁ ተዘርግቶ ቁልቁል ሙቀት እየተሰማችሁ ትወርዳላችሁ። ከመሬት ወደ መሬት ነው የሄዳችሁት፣ ግን በመሀል መሬት ውስጥ አልፋችኋል። ሶስት የተለያዩ ሪል ሩቶች ኖረውት በራሽናል ቁጥር የማይፈርስ ኩብ ሲገጥም ደግሞ በስር ምልክት ብቻ እሰራለሁ ካልክ ዋሻውን ማለፍ ግዴታ ነው፣ ሌላ መንገድ እንደሌለ በኋላ ተረጋግጧል። ከቦምቤሊ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ቪዬት በኮሳይን አድርጎ ተራራውን በላይ በኩል የሚያዞር የእግር መንገድ አግኝቷል፣ እሱም ይሰራል፣ ያው በስር ምልክት አይደለም እንጂ።

ዲግሪ 5 ላይ ሲደርስ ለሁሉም የሚሆን ባለ ስር ፎርሙላ እንደሌለ አቤል በ1824 አረጋግጧል፣ ስለዚ ተጠግቶ ተጠግቶ መያዝ ነው። እዚህ ላይም ገንዳዬ አስተምራኛለች። የኒውተንን ዘዴ ታውቃላችሁ፣ ከአንድ ግምት ተነስተህ ታንጀንቱን (እዛ ነጥብ ላይ ግራፉን የሚነካውን ቀጥ ያለ መስመር) ተከትለህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። በጋሼ 2 ጀመርኩ። 3 አለኝ። ከዛ 2.38። ከዛ 1.83፣ ከዛ 2.33፣ እንዲህ እያለ 2.1ን ዙሪያውን ይንቀጠቀጣል፣ አይቀመጥም። በዙሪያው የሚንከራተተው የሚፈልገው ነገር ከመስመሩ ጎን ስላለ ነው፣ መስመር ላይ እስከሄደ ድረስ ደግሞ ሪል ቁጥር ገብቶ ሪል ነው የሚወጣው፣ ወደ ጎን የሚዞርበት እግር የለውም። አሁን በ2 + አይ ጀመርኩ፣ የቦምቤሊን ቁጥር ስለምወዳት። አንድ እርምጃ፣ 2.08 + 0.62አይ። ሁለተኛ፣ 2.10 + 0.48አይ። ሶስተኛው ላይ 2.10 + 0.47አይ ደረሰ፣ አለቀ። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከመስመሩ ወጣ ማለቱ ብቻ ነው።

አሁን እኔም አስተምራለሁ። ልጆች ዲስክሪሚናንቱ ኔጌቲቭ ሲመጣ «መፍትሄ የለውም» ብለው እስኪብርቶአቸውን ሲያስቀምጡ ያመኛል፣ እውነት ነው የምለው። መጽሀፉ ያለው «ሪል መፍትሄ የለውም» ነው፣ ሪል የምትለዋ ቃል ናት በየአፉ ስትተላለፍ የምትወድቀው፣ እሷ ስትወድቅ ደግሞ ጥያቄው በሙሉ ይዘጋል። የት ፈልገህ ነው ያጣኸው? ሙሉ ቁጥር ውስጥ? ራሽናል ውስጥ? መስመሩ ላይ? አንድ ፈተና እርማት ላይ አንድ ልጅ ኮምፕሌክሱን አውጥቶ «ስላልተጠየቀ» ተብሎ ነጥብ ሲቀነስበት አይቻለሁ፣ ተከራክሬም አልተሳካልኝም፣ አሁንም ይቆጨኛል። ያ ልጅ ሰው የተወውን ቦታ ሄዶ የፈለገ ነው።

ባለፈው ገና ቤት ሄድኩ። ጋሼ አሁን ጋቢውን ደርቦ ደጃፍ ላይ ፀሀይ ይሞቃል። ወረቀት ላይ ሜዳውን ስዬለት፣ መስመሩን አሰመርኩ፣ 2.11ን ምልክት አደረግኩ፣ ከላይና ከታች ሁለቱን ነጥቦች አስቀመጥኩና ያኔ የጠየቅከኝ ይሄ ነው አልኩት። ረስቶታል ብዬ ነበር፣ አልረሳውም፣ «የአንጎለላው ሰውዬ» አለኝ ወዲያው። ከዛ ጣቱን ነጥቧ ላይ አድርጎ ወደ መስመሩ አወረዳት።

«ይቺ እንድትወርድ ላሜራው ምን ያህል መስፋት ነበረበት?»

እዛው ሰራሁት። ቁመቱን 2 ሜትር ትተን ወርዱ 102.5 ሳንቲም ቢሆን ከዛ ላሜራ የሚወጣው ትልቁ ገንዳ 200.84 ሊትር ነው፣ ያልፋል፣ ሁለቱ ነጥቦች መስመሩ ላይ ወርደዋል ማለት ነው። «ሁለት ሳንቲም ተኩል ጋሼ» አልኩት።

ወረቀቱን ይዞ ረጅም ሰአት ዝም አለ። ነፋሱ ሲመጣ በጋቢው ጫፍ ያዘው።

«ሁለት ሳንቲም ተኩል?» አለ። «ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን ከቁርጥራጩ ቀጥዬ እበይድለት ነበር እኮ።»